7 ሜትር ቁርጥ፣ ከላይ የጎረቤት ቤት፦ ካራ አካባቢ ሶይል ኔይሊንግ ያዋጣል ወይ?

ሳይት_ካራ
ሚያዝያ 9፣ ጠዋት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ለቤዝመንቱ ሲባል በኋለኛው ድንበር ላይ መሬቱ 7 ሜትር ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት። የቁርጡ ርዝመት 24 ሜትር ነው። ከድንበሩ 2.5 ሜትር ገባ ብሎ፣ በላይኛው ግቢ ውስጥ፣ ሰው የሚኖርበት የብሎኬት ቤት አለ።

የሙከራ ጉድጓዱ ከላይ 80 ሳንቲም ጥቁር አፈር፣ ከዚያ እስከ 5 ሜትር ጠንካራ ቀይ ሸክላ፣ ከዚያ በታች ደግሞ በዶማ የሚፈለፈል የበሰበሰ ቱፍ (የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ) ያሳያል። የተቆፈረው በየካቲት ነው፤ ውሃ አልተገኘም።

የመጀመሪያው ዲዛይን የድንጋይ ግንብ ነበር። አሁን በአማራጭ የቀረበው ሶይል ኔይሊንግ (ቁርጡን በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ በሚገባ ብረት መያዝ) ነው፦ 20 ሚ.ሜ. ፌሮ፣ 4 ሜትር ርዝመት፣ በየ2 ሜትሩ፣ ፊቱ ላይ ሜሽ ታስሮ በእጅ ልስን። ይህ ይሆናል? ምን ያህል ዕቃ ይፈጃል? ክረምት ሳይገባ ማለቅስ ይችላል?

የተዳፋት_ልጅ
ሚያዝያ 9፣ ጠዋት 4፡15

ዘዴው ለቦታው ይሆናል። የቀረቡት ቁጥሮች ግን አደገኛ ናቸው፤ በእነሱ አትጀምሩ።

መጀመሪያ የድንጋይ ግንቡን ላንሳ። በክብደቱ የሚቆም ግንብ መሠረቱ ከቁመቱ 0.5 እስከ 0.7 ያህል ስፋት ይፈልጋል። ለ7 ሜትር ከ3.5 እስከ 4.9 ሜትር ማለት ነው። ከዚያም በላይ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ፣ 7 ሜትሩ በሙሉ ተቆርጦ ያለ ምንም ድጋፍ ቆሞ ግንበኛ ሥሩ ይገባል። ከላይ ቤት ባለበት ይህ የማይታሰብ ነው።

ሶይል ኔይሊንግ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ትቆርጣለህ፣ ትበሳለህ፣ ብረት ታስገባለህ፣ ግራውት (የሲሚንቶና የውሃ ድብልቅ) ትሞላለህ፣ ፊቱን ትሸፍናለህ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትወርዳለህ። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አጠገብ ለባቡር መስመር በተቆረጠ ተዳፋት ላይ ከተሠራ ወዲህ ዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገር። ኔይል፣ ማለትም የሚገባው ብረት፣ ተወጥሮ እንደሚታሰረው አንከር ቀድሞ አይወጠርም። አፈሩ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ነው ብረቱ የሚወጠረውና መያዝ የሚጀምረው። ስለዚህ የግንቡ ራስ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት መምጣቱ የዘዴው ጠባይ ነው። በሸክላ አፈር የሚጠበቀው ከቁመቱ አንድ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ለ7 ሜትር ወደ 21 ሚ.ሜ. ይመጣል። ከላይ ያለው ቤት ይህን መቻሉ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ርዝመቱ ከቁመቱ ከ0.7 እንዳያንስ፤ ሸክላ ላይ፣ ከላይ ጭነት እያለ፣ የላይኞቹ ረድፎች ወደ 1.0 ቢጠጉ ይሻላል፤ እንቅስቃሴውን የሚገድቡት እነሱ ናቸው። 4 ሜትር 0.57 ብቻ ነው። በየ2 ሜትሩ የሚለውም ለሸክላ ሰፊ ነው፤ 1.5 በ1.4 ውሰድ። ከላይ ሲለካ ረድፎቹ 0.8፣ 2.2፣ 3.6፣ 5.0 እና 6.4 ላይ ይውላሉ። የላይኞቹን ሦስቱን 7 ሜትር፣ የታችኞቹን ሁለቱን 5.7 ሜትር አድርግ። ለምን 5.7 እንደሆነ ብረት ሲቆረጥ ይገባሃል።

ለጊዜው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ በሚያዝያ አትጀምር። አምስት ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ከቁፋሮ እስከ መድረቅ 8 ወይም 9 ቀን ይወስዳል፤ በድምሩ 45 ቀን ገደማ። ዛሬ ቢጀመር እንኳ መጨረሻው ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው፣ ጥቂት ከዘገየ ሰኔ ውስጥ ይወድቃል፤ ያልተሸፈነው የታችኛው ቁርጥ ዝናብ ይቀበለዋል። ጥቅምት ላይ ጀምረህ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ጨርስ።

ድሪል_ማስተር
ሚያዝያ 9፣ ከሰዓት 7፡05

በመብሳቱ በኩል የምለው አለኝ።

ቀይ ሸክላን በውሃ አትብሳው። ውሃ የቀዳዳውን ግድግዳ ያለሰልሰዋል፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል፤ ግራውቱ የሚይዘው ነገር ያጣል። አውገር (እንደ ብሎን የተጠማዘዘ መሰርሰሪያ) ወይም በአየር የሚጠራ ድሪል ተጠቀም። ኮምፕሬሰር ስትከራይ ካታሎጉ ላይ የተጻፈው አቅም የባሕር ጠለል አቅም መሆኑን አትርሳ፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ቦታ አየሩ በሩብ ያህል ስስ ነው። ልኩን የመረጠ ሰው ቱፉ ጋ ሲደርስ ቁርጥራጩ ከቀዳዳው አልወጣ ብሎ ቢቱ (የመሰርሰሪያው ጫፍ) ይያዝበታል። አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ኮምፕሬሰር ውሰድ።

ዝንባሌው ከአግድም ወደ ታች 15 ዲግሪ ይሁን። ከ10 ካነሰ ግራውቱ ወደ አፉ ይፈስና ከላይ በኩል ባዶ ቦታ ይተዋል። በጣም ከቆለቆለ ደግሞ ብረቱ አፈሩን ወደ ኋላ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። እያንዳንዱን ዘንግ ከመጀመርህ በፊት በአንግል መለኪያ እየው። ቀይ ሸክላው ውስጥ ያልበሰበሰ የድንጋይ እንቡጥ ይገኛል፤ ቢቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። እንዲህ ሲያጋጥም መግፋት አይጠቅምም፤ 30 ሳንቲም ወደ ጎን ተዛውሮ እንደገና መብሳት ነው፤ የተተወው ቀዳዳ በግራውት ይሞላል፣ በወረቀትም ይመዘገባል።

የተበሳ ቀዳዳ በዚያው ቀን ግራውት ይሞላ። ሲያድር ግድግዳው እርጥበት ይስባል፣ ይፈረካከሳል። ማታ 11 ሰዓት ላይ አራት ቀዳዳ በስቶ «ነገ እንሞላዋለን» የሚል ሠራተኛ አራት ደካማ ኔይል እየሠራ ነው።

ብረቱ ከመግባቱ በፊት ሴንትራላይዘር (ብረቱን ቀዳዳው መሐል የሚያቆም ማቀፊያ) ይታሰርበታል፤ ከጫፉ 50 ሳንቲም ላይ የመጀመሪያው፣ ከዚያ በየ2 ሜትሩ። የሌለው ብረት በክብደቱ ቀዳዳው ወለል ላይ ይተኛል፤ አንድ ጎኑ አፈር ይነካል፣ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ከፒቪሲ ቱቦ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል፤ ከእንጨት ግን በፍጹም አይሠራም፤ እንጨት ይበሰብሳልና።

የግራውቱ ቱቦ ከብረቱ ጋር አብሮ እስከ ቀዳዳው መጨረሻ ይገባል። መሙላት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። አፉ ላይ ንጹሕ፣ አረፋና ጭቃ የሌለው ግራውት እስኪፈስ ድረስ ፓምፑ አይቆምም፣ ቱቦውም ከግራውቱ ውስጥ አይወጣም። ከአፉ ላይ ያፈሰሰ ሰው አየር ቀብሮ ይመጣል። ከላይ ቤት ስላለ በግፊት አትሙላ፤ በራሱ ክብደት ይሂድ። አንድ ሰዓት ቆይቶ ግራውቱ ሲወርድ ደግሞ ትጨምርበታለህ።

ድብልቁ ለአንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ 22.5 ሊትር ውሃ ነው። «ፓምፑ አልገፋ አለ» ተብሎ ውሃ ሲጨመር አይቻለሁ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ሳይት የሚፈተንበት ነገር ነው። ፓምፑ ካልገፋ ድብልቁ ጓል አለበት ወይም ቱቦው ቀጥኗል። በወንፊት አጥልል።

ሳይት_ካራ
ሚያዝያ 9፣ ማታ 1፡20

በጣም አመሰግናለሁ። ስለ 20 ሚ.ሜ. ብረቱና ስለ ቀዳዳው ስፋት ግን ገና አልጠራልኝም። ያለው ቢት 110 ሚ.ሜ. ነው። በቂ ነው?

እቴ_ስትራክቸር
ሚያዝያ 9፣ ማታ 3፡50

በእጅ የሚሠራ ግምት ላሳይህ። የዲዛይን ምትክ አይደለም፤ የመንሸራተቻ ትንተናው በሶፍትዌር መሠራት አለበት። ነገር ግን ቁጥሩ የት እንዳለ ያሳያል።

የቀይ ሸክላው የውስጥ ፍትጊያ አንግል 30 ዲግሪ፣ ክብደቱ 18 ኪሎ ኒውተን በሜትር ኩብ፣ ከላይ ያለው ጭነት 10 ኪሎ ፓስካል ይሁን። አፈሩ 10 ኪሎ ፓስካል ኮሂዥን (እርስ በርስ የመጣበቅ ኃይል) አለው ካልን፣ በየሜትሩ ርዝመት የሚገፋው ኃይል ወደ 100 ኪሎ ኒውተን ነው። በአምስት ረድፍና በ1.5 ሜትር ርቀት ስታከፋፍለው ለአንድ ኔይል በአማካይ 30 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። አሁን ያንን ኮሂዥን ዜሮ አድርገው፤ ለአንድ ኔይል ወደ 51 ይወጣል። የመጀመሪያው የየካቲት ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ውሃ የጠገበ የነሐሴ አፈር ቁጥር። የሙከራ ጉድጓዱ በየካቲት መቆፈሩ የሚያሳስበው ለዚህ ነው፤ በበጋ የሚታይ ጥንካሬ ላይ ዲዛይን አይቆምም።

የሚይዘውን ደግሞ እንይ። በግራውቱና በቀይ ሸክላው መካከል ያለው መያያዝ 50 ኪሎ ፓስካል ነው ብለን እንነሳ፤ ይህ በመንቀል ሙከራ መረጋገጥ ያለበት ግምት ነው። ከመንሸራተቻው ገጽ ጀርባ 4 ሜትር ይቀራል እንበል። በ110 ሚ.ሜ. ቀዳዳ የመጨረሻው አቅም 69 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ በ150 ሚ.ሜ. 94። ከ51 ጋር ስታነጻጽረው የ110ሩ ሴፍቲ ፋክተር (አቅሙ ለጭነቱ ሲካፈል) 1.36፣ የ150ው 1.84 ነው። የምንፈልገው 2 ነው። ስለዚህ 110 አይበቃም፤ 150 ደግሞ የሚበቃው ውሃው ከጀርባው እንዲወጣ ከተደረገ ነው። ቢቱን መቀየር ካልቻልክ ኔይሎቹን 1.2 በ1.2 አቀራርብ፤ የመብሳቱ ሜትር ግን በጣም ይጨምራል።

ስለ ብረቱ። 20 ሚ.ሜ. በ400 ሜጋ ፓስካል 126 ኪሎ ኒውተን ይችላል፤ ወረቀት ላይ ይበቃል። ነገር ግን ለዳዶ ጥርስ ሲወጣለት ይቀጥናል፣ ለዝገት የሚተርፍ ነገር የለውም፣ እስከ ሁለት እጥፍ የሚሞከረው ኔይልም ወደ ልኩ ይጠጋል። 25 ሚ.ሜ. 196 ይችላል፤ ጥርሱ ላይ እንኳ በ24 ሚ.ሜ. ጥርስ 141 ይተርፈዋል። 25 ውሰድ። ርዝመት ለመቀጠል ብየዳ አትጠቀም፤ ብየዳ ያንን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል። በመገጣጠሚያ ቱቦ ይቀጠል ወይም አንድ ወጥ ይሁን።

ኳንቲቲ_ሰው
ሚያዝያ 10፣ ጠዋት 3፡00

በእቴ ቁጥር ላይ ተመሥርቼ፦ 16 አምድ በ5 ረድፍ፣ 80 ኔይል። 48ቱ 7 ሜትር፣ 32ቱ 5.7 ሜትር፤ መብሳቱ በድምሩ 518 ሜትር።

ፌሮ የሚሸጠው በ12 ሜትር ነው። ለ7 ሜትሩ ከፊት 30 ሳንቲም ጅራት ጨምረን 7.3 እንቆርጣለን፣ 4.7 ይተርፋል። ለ5.7ቱ ከጅራቱ ጋር ልክ 6 ሜትር ነው፤ አንዱ ፌሮ ሁለት ይወጣዋል፣ ቁራጭ አይተርፍም። በድምሩ 64 ፌሮ፣ እያንዳንዱ 46.2 ኪሎ፣ ወደ 30 ኩንታል። የሚተርፈውን 4.7 ሜትር አትሽጡት፤ ለሙከራ ኔይል ልክ ነው፦ 3 ሜትር በግራውት የሚያዝ፣ 1 ሜትር ነጻ፣ 70 ሳንቲም ለክሪኩ።

ግራውት፦ በ150 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ለአንድ ሜትር 17.2 ሊትር። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ22.5 ሊትር ውሃ ጋር 38 ሊትር ገደማ ግራውት ይወጣዋል። 7 ሜትር ቀዳዳ ያለ ብክነት 3 ከረጢት ይበላል። 30 በመቶ ብክነት ጨምረን በድምሩ 11.6 ሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶው 151 ኩንታል። በ110 ሚ.ሜ. ቢሆን 80 ኩንታል አካባቢ ነበር። ለልዩነቱ አትሳሱ።

በኔይሉ ራስ ላይ የሚታሰር ፕሌት 200 በ200 በ20 ሚ.ሜ.፣ 80 ፍሬ፤ አንዱ 6.3 ኪሎ። ሴንትራላይዘር 288። ፊቱ 168 ካሬ ነው፤ በ10 ሳንቲም ሾትክሪት (በማሽን የሚረጭ ኮንክሪት) 16.8 ሜትር ኩብ። በደረቅ ዘዴ ሩብ ያህሉ ነጥሮ ስለሚወድቅ 22.4 አዘጋጁ፤ በሜትር ኩብ 400 ኪሎ ሲሚንቶ ብንል 90 ኩንታል።

አንድ ቀዳዳ ከሦስት ከረጢት ይልቅ ስድስትና ሰባት ከጠጣ ቱፉ ውስጥ ስንጥቅ አለ ወይም ግራውቱ ሌላ ቦታ እየወጣ ነው። መሙላቱን አቁሙና ላይኛው ግቢ ሄዳችሁ እዩ።

ፎርማን_ቀይአፈር
ሚያዝያ 10፣ ከሰዓት 8፡30

ልጆች፣ ስለ ብረትና ስለ ግራውት በደንብ ተነጋግራችኋል። ግንቡን የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ቁፋሮውና ውሃው ነው።

ኤክስካቫተር ኦፕሬተር አንድ ጊዜ ከጀመረ መውረድ ይወዳል። የመጀመሪያው ቁርጥ 1.3 ሜትር ድረስ፣ ከዚያ 2.7፣ 4.1፣ 5.5፣ መጨረሻ 7.0። ከመጨረሻው በቀር ከረድፉ በታች ከግማሽ ሜትር ያልበለጠ ነው የሚወረደው። ይህ በቀለም ግድግዳው ላይ ይሰመር። መጨረሻውን 20 ሳንቲም በዶማና በአካፋ አስተካክሉ፤ በባልዲው ጥርስ የተፈለቀቀ ፊት ሾትክሪቱን እጥፍ ይበላል።

አፈሩ ያለ ድጋፍ አንድ ቀን ከሌሊቱ ጋር መቆም መቻሉን መጀመሪያ በድንበሩ ጥግ በአንድ ትንሽ ቁርጥ ሞክሩ። ካልቆመ፣ 24 ሜትሩን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ በ6 ሜትር ከፋፍላችሁ አንዱን ዘልላችሁ አንዱን ክፈቱ። ወይም ከፊቱ የአፈር ግርግዳ ትታችሁ በእሱ ውስጥ ብሱ፣ ከዚያ አንሱት። ሦስት ሳንቲም ፈጣን ሾትክሪት ወዲያው መርጨትም ይረዳል።

ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ከመውረድ በፊት የመጨረሻው ግራውትና ሾትክሪት 72 ሰዓት ይሙላው። ይህቺን ሦስት ቀን የሚሰርቅ ሰው ሁሉንም ይሰርቃል።

ውሃው። በየሁለት የኔይል አምድ መካከል 30 ሳንቲም ስፋት ያለው የማጣሪያ ስትሪፕ ከላይ እስከ ታች አፈሩ ላይ ይለጠፋል፤ ጥቁሩ ጨርቅ ወደ አፈሩ፣ ፕላስቲኩ ወደ ሾትክሪቱ። ስትሪፑ በየደረጃው ጥቅሉ ከታች ይንጠለጠልና ቀጣዩ ደረጃ ሲከፈት ይዘረጋል፤ መቁረጥና እንደገና መቀጠል ካለ 30 ሳንቲም ይደራረብ። ከታች 75 ሚ.ሜ. ፒቪሲ ገብቶበት ወደ ቦዩ ይወጣል። ሾትክሪት ረጪው ጫፉን ካልሸፈነው ሲሚንቶ ይገባበትና ይታፈናል፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር ያማረ ነው፣ ከጀርባው ግን ውሃ ይቆማል። ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ክረምት እስኪመጣ አይታይም።

ሳይት_ካራ
ሚያዝያ 10፣ ማታ 12፡45

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጠይቅዎት፦ የሾትክሪት ማሽን ኪራይ ካልተገኘ በሜሽ ላይ በእጅ የሚለሰን ነገር ጨርሶ አይሆንም? በየደረጃው ፎርምወርክ ገጥሞ ኮንክሪት መሙላትስ?

ፎርማን_ቀይአፈር
ሚያዝያ 10፣ ማታ 2፡10

ልስን አይሆንም፣ ልጄ። ልስን አፈሩ ላይ ይለጠፋል እንጂ ወደ ጉድለቱ አይገባም፤ ፕሌቱን የሚሸከም ውፍረትም አይኖረውም። ኔይሉ ይይዝና በኔይሎቹ መካከል ያለው አፈር ልስኑን ቀዶ ይወጣል።

ፎርምወርክ ይሠራል፤ ግን ከላይ ወደ ታች መሙላት ስለሆነ ከላይኛው ኮንክሪት ጋር የሚገናኝበት አፍ ይከብዳል። ፎርሙ አናቱ ላይ እንደ ቀፎ ወደ ውጭ የተዘረጋ አፍ ይኑረው፤ ኮንክሪቱ ከመገጣጠሚያው 15 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይሞላና ሲደርቅ ትርፉ በመሮ ይነሳል። ውፍረቱ 15 ሳንቲም ይሁን፤ ከዚያ ባነሰ ቫይብሬተር አይገባም። ትልቁ ችግር ጊዜ ነው፤ ፊቱ ሳይሸፈን ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል። ቀይ ሸክላህ ይህን መቻሉን በዚያች ሙከራ ቁርጥ እየው።

ማሽኑ ከተገኘ ደግሞ አፍንጫው ከፊቱ አንድ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ ይረጭ። ነጥሮ የወደቀውን ሰብስቦ መልሶ መጠቀም የለም፤ ሲሚንቶው ግድግዳው ላይ ቀርቷል፣ የወደቀው ጠጠርና አሸዋ ነው። በበጋ የእናንተ አካባቢ ፀሐይና ነፋስ ፊቱን በሁለት ሰዓት ያደርቀዋል፤ እርጥብ ጆንያ ሰቅላችሁ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት። ፕሌቱ ሾትክሪቱ ገና እርጥብ እያለ ተጭኖ ይቀመጥ፣ ዳዶው በእጅ ይጥበቅ፤ በማግስቱ በቁልፍ ይጠብቃል።

ቀያሽ_ለገጣፎ
ሚያዝያ 11፣ ጠዋት 2፡15

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። 7 ሜትር ኔይል በ15 ዲግሪ ወደ ኋላ 6.8 ሜትር ይሄዳል። ድንበሩ ላይ ነው የምትበሱት። ይህ ማለት ሁሉም ኔይል በጎረቤት ይዞታ ሥር ነው፤ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ከሌለ ሥራው አይጀመርም። ፈቃዱ ላይ ሥዕሉ ይያያዝ። ነገ ጎረቤት በበኩሉ ቤዝመንት ልቆፍር ቢል ብረቱን እንደሚቆርጥና የእናንተ ግንብ እንደሚወድቅ ሁለቱም ወገን ይወቅ። የተሠራው ሥዕል፣ እያንዳንዱ ኔይል ከነርዝመቱ፣ ለግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱም ይግባ።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ረድፍ 0.8 ሜትር ላይ ነው። ቤቱ 2.5 ሜትር ላይ ይጀምራል። በ15 ዲግሪ ኔይሉ እዚያ ሲደርስ 1.47 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። የድንጋይ መሠረቱ 1.5 ሜትር ከወረደ በቀጥታ ትመቱታላችሁ። መሠረቱን በአንድ ጥግ ቆፍራችሁ ለኩ። በ20 ዲግሪና ከ1.0 ሜትር ላይ ከተጀመረ 1.9 ሜትር ላይ ያልፋል።

ሦስተኛ፣ ሴፍቲ ታንከሩ የት ነው? በዚያ አካባቢ የፍሳሽ መስመር የሌለው ግቢ ብዙ ነው፤ ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ ከቤቱ ኋላ፣ ድንበሩ ጥግ ላይ ነው። ያንን ብትበሱት ጉዳዩ ከግንብ ወደ ጤና ይሸጋገራል። ባትበሱትም ወለሉ ያልተለሰነ ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ አፈሩን ያርሳል፤ የእቴ የነሐሴ ቁጥር በጥር ይመጣል ማለት ነው። ከቀዳዳ እርጥብ ወይም የሚሸት አፈር ከወጣ መብሳት ይቁም። የሮቶ ትርፍ ውሃና የጣሪያ አሸንዳም ወዴት እንደሚፈስ እዩ። ድንበሩ ጫፍ ላይ የሚፈስ ከሆነ በሲሚንቶ በተለሰነ ቦይ ወደ ጎን ይወሰድ፤ ይህ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራ ነው።

ክትትል፦ ከግንቡ ራስ ላይ በየ4 ሜትሩ ምልክት፣ ቤቱ ላይ አራት ማዕዘን። መነሻው ልኬት ቁፋሮ ሳይጀመር ይወሰድ፤ ከዚያ በየደረጃው፣ ካለቀ በኋላ እስከ መጀመሪያው ክረምት መጨረሻ በየሳምንቱ። በቤቱ ላይ ያሉ ነባር ስንጥቆች ከቤቱ ባለቤት ጋር ሆናችሁ በፎቶ ይመዝገቡ፤ ጄሶ ይለጠፍባቸው፣ ቀን ይጻፍ። ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴ አለ። እንቅስቃሴው 15 ሚ.ሜ. ሲደርስ ቁፋሮ ይቁምና ዲዛይነሩ ይጠራ።

የተዳፋት_ልጅ
ሚያዝያ 11፣ ጠዋት 5፡30

ቀያሹ ያነሳው የመሠረቱ ነገር እኔ ያመለጠኝ ነው፤ ትክክል ነው። የላይኛው ረድፍ 1.0 ሜትር ላይ በ20 ዲግሪ ይሁን። ሴፍቲ ታንከር ባለበት ቦታ ኔይሎቹን ወደ ግራና ቀኝ እንደ ማራገቢያ መክፈት ይቻላል፤ ርዝመታቸው ግን በዚያ ልክ ይጨመር።

አሁን ሙከራው። ለቀይ ሸክላው ሁለት፣ ለቱፉ ሁለት የመሥዋዕት ኔይል (ተሞክሮ የሚተው) ከዋናው ሥራ በፊት ይሠራ። የሚያዘው 3 ሜትር ብቻ፣ ከፊት 1 ሜትር ነጻ። በ50 ኪሎ ፓስካል ግምት የ3 ሜትሩ የዲዛይን ጭነት 35 ኪሎ ኒውተን ነው፤ እስከ ሁለት እጥፍ፣ እስከ 71 ድረስ ይጎተት። ክሪኩ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ መለኪያው ካሊብሬት የተደረገ ይሁን። ዳያል ጌጁ (የእንቅስቃሴ መለኪያው) ከግድግዳው ጋር ባልተያያዘ ማቆሚያ ላይ ይታሰር፤ ግድግዳው ላይ የታሰረ መለኪያ የግድግዳውን እንቅስቃሴ ይደብቃል። ጭነቱን በየሩቡ ጨምሩ፤ በመንሸራተት ሙከራው ጭነት ላይ 10 ደቂቃ ያዙ። ከ1ኛው እስከ 10ኛው ደቂቃ ከ1 ሚ.ሜ. በታች ከተንቀሳቀሰ አልፏል። ከ1 ሚ.ሜ. ከበለጠ እስከ 60 ደቂቃ ያዙትና ከ6ኛው እስከ 60ኛው ከ2 ሚ.ሜ. በታች መሆኑን እዩ። ሸክላ ላይ ይህ መንሸራተት ነው ዋናው፤ ኃይሉን ይዞ ቀስ እያለ የሚወጣ ኔይል በሦስት ዓመት ግንቡን ያመጣዋል። ከሥራው ኔይሎች ደግሞ 5 በመቶው፣ ማለትም 4ቱ፣ እስከ 150 በመቶ ይሞከሩ። የትኞቹ እንደሆኑ ሥራ ተቋራጩ ሳይሆን ተቆጣጣሪው ይምረጥ።

ግንቡ ቋሚ ስለሆነ ዝገቱ ይታሰብ። የአፈሩ ፒኤች ከ4.5 በታች፣ ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ ከ2,000 ኦም ሴንቲሜትር በታች፣ ሰልፌቱ ከ200 ወይም ክሎራይዱ ከ100 ፒፒኤም በላይ ከሆነ አጥቂ አፈር ነው። የሴፍቲ ታንከር ፍሳሽ ባለበት ይህን ምርመራ አትዝለሉ። አጥቂ ከሆነ ብረቱ በቆርቆሮ መሰል ሞገድ ባለው ፒቪሲ እጅጌ ውስጥ በግራውት ይታሸግ፤ ካልሆነ ሙቅ ጋልቫናይዝድ ይበቃል።

አዲስ_ገቢ
ሚያዝያ 11፣ ከሰዓት 9፡00

ይቅርታ፣ ሁለት ጥያቄ። ቦታው ሙሊት ቢሆንስ? በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የነበረው ርዕደ መሬት እዚህም ተሰምቷል፤ ይህ ግንብ ይቋቋመዋል?

እቴ_ስትራክቸር
ሚያዝያ 11፣ ማታ 1፡00

ሙሊት ላይ አይሆንም። ያልተጠቀጠቀ አፈር፣ ፍርስራሽ፣ ቆሻሻ የተከመረበት ተዳፋት ኔይልን የሚይዝ አካል የለውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ከ110 በላይ ሰው የቀበረው ተዳፋት ቆሻሻ ነበር፤ እንዲህ ያለው ክምር በዝንባሌ ማስተካከልና ውሃና ጋዝ በማስወጣት እንጂ በኔይል አይታሰርም። የሙከራ ጉድጓድ ላይ ፌስታልና የሸክላ ስብርባሪ ከታየ ሌላ ዘዴ ፈልጉ።

ለርዕደ መሬቱ፦ የሶይል ኔይል ግንብ ተለማጭ ስለሆነ በጎ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 ካሊፎርኒያ በተመታበት የሎማ ፕሪየታ ርዕደ መሬት በአካባቢው የነበሩት እንዲህ ያሉ ግንቦች የሚታይ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ቢሆንም የርዕደ መሬቱ ጭነት በትንተናው ውስጥ መግባት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የላይኞቹን ኔይሎች ርዝመት የሚወስነው እሱ ነው።

ሳይት_ካራ
ሚያዝያ 12፣ ጠዋት 3፡30

ያሻሻልኩት ይህ ነው፦ ቀዳዳ 150 ሚ.ሜ.፣ 25 ሚ.ሜ. ፌሮ፣ የላይኛው ረድፍ 1.0 ሜትር ላይ በ20 ዲግሪ፣ ሌሎቹ እንደነበሩ፤ በዚህ ክረምት ቦይና ፈቃድ ብቻ፣ ቁፋሮ በጥቅምት። አንድ የቀረኝ ነገር ከላይ ያለው 80 ሳንቲም ጥቁር አፈር ነው። ሾትክሪቱን በእሱ ላይ ልርጨው?

የተዳፋት_ልጅ
ሚያዝያ 12፣ ጠዋት 4፡40

አትርጨው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የግንቡን ራስ ወደ ፊት የሚገፋው፣ በስንጥቁም ውሃ ወደ ቀይ ሸክላው የሚያስገባው እሱ ነው። ኔይልም በውስጡ አይጀምር፤ ረድፉን 1.0 ላይ ማውረድህ በዚህም በኩል ይጠቅምሃል።

ከድንበሩ ወደ ላይ 1 ሜትር ስፋት፣ ጥቁሩ እስኪያልቅ ድረስ አንሳው። ጎረቤት የሚፈቅደው ደብዳቤ ላይ ይህም ይግባ፣ በግቢው ውስጥ ስለሆነ። በቦታው ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፤ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ በእጅ በሚያዝ መጠቅጠቂያ እንጂ በሮለር አይሁን። በ6 ሜትር በ6 ሜትር ክፈት፤ የቤቱን መሠረት በሙሉ ርዝመቱ በአንድ ቀን አታጋልጥ። ከላዩ 10 ሳንቲም ኮንክሪት ወደ ቦዩ ዘንበል ብሎ ይፈስ። ኮንክሪቱ ከሾትክሪቱ ጋር አይያያዝ፤ ግንቡ ያንን ጥቂት ሚሊሜትር ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል። 1 ሳንቲም ክፍተት ተውና በሬንጅ ሙላው፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ እየታየ ይሞላ።